ያለ ቫርኒሽ

ግቢ እንጂ እታለም፣ ምን በር ላይ አቆመሽ? መቀስሽ ተስሎልሻል። ልጆቹ ደህና ናቸው? እሰይ። ትንሽ ጮክ ብዬ አወራለሁ መቼም... የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ ጆሮሽን ሲደበድበው ስለሚውል ላንቺ ብዬ ነው። አግዳሚው ላይ ያለው ደንበኛ ዕቃውን እየጠበቀ ስልኩን ያያል፤ እሱ አይሰማንም።

እስቲ ይቺን ትራምፔት እያት። ጠዋት ሙሉ በፈላ ውኃና በሶዳ ስዘፈዝፍ፣ ያረጀ ቫርኒሿን በጨርቅ ስገፍፍ አረፈድኩ። አሁን ራቁቷን ናስ ናት፤ ፊትሽ አይታይሽም? የማን እንደሆነች አልነግርሽም... ብቻ የአንድ የተከበረ ሰው ናት። በሰፈራችን ባንድ ሦስት ዓመት ሙሉ የፊት ወንበሩን ይዞ የኖረ። የእህቴ ልጅ ከኋላው ሆና ትነፋለች፣ እሱ ከፊት... አቤት ቁመና!

ጠንቃቃነቱስ? የእህቴ ልጅ ግድ የላትም፤ መዳፏ ባረፈበት ሁሉ ቫርኒሹን በልታ ጨርሳዋለች። የእሱ ግን ጣት የሚያርፍባቸው ቁልፎች አጠገብ ልክ ከሱቅ እንደወጣች ነበረች። የተላጠችው የት ይመስልሻል? ድምፅ በሚወጣበት ሰፊ አፏ ጠርዝ ላይ፣ ፎቶ ሲነሣ አቅፎ በሚይዛት በኩል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? አንዳንዱ ዕንቁላል ደግሞ ይኸው ሦስት ዓመት ቆሞ ፎቶ ይነሣል... ኧረ ሳቄን ያዢልኝ።

ታዲያ ለምን ይገፈፍልኝ አለ ትዪኛለሽ። የባንዱን ሽማግሌ አስተማሪ ልማድ ታውቂ የለም? ከሁለት ሳምንት በኋላ የፊት ወንበሩን እንደገና ይሰጣሉ። ማንንም ከማስነፋታቸው በፊት መሣሪያውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያስደረድሩና፣ መነጽራቸውን አድርገው እጅ የበላውን ቦታ ይፈልጋሉ። ጆሮዬን ትሸነግሉት ይሆናል፣ ዓይኔን ግን አትችሉም ይላሉ። እንግዲህ ቫርኒሽ ከሌለ ምኑ ተበልቶ ይታያል? ብልህ እኮ ነው። እኔ ስንት ዓመት መሣሪያ ስጠግን ኖሬ አላሰብኩትም።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ... ራቁት ናስ ላብ አይችልም። ጣት ደጋግሞ የነካው ቦታ በሳምንቱ ይጠቁራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ናስ ደግሞ እያደር ይጠቁራል። የሚለማመድ ሰው እጅ በአሥራ አምስት ቀን ቁልጭ ብሎ ይታይባታል። የማይለማመድም ሰው... ያው። ልንገረው አልኩና፣ እንዲህ ያለ አዋቂ ይሄን ያጣዋል ብዬ አፈርኩ።

ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅሽም። ልጅቷ ሦስት ዓመት የሰው ጀርባ እያየች ነፋች እኮ።

በይ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልዬ ለባለቤቷ ላስረክብ። ያለ ምርቃትማ አልሰጥም፤ አሜን በይ፣ አግዳሚው ላይ ያለው ደንበኛም ይበል። እጁን ድካም አይንካው። ላቡ ጠብ አይበል። ትራምፔቷንም አስተማሪው መነጽራቸውን እስኪያደርጉ ድረስ፣ ልክ እንደ ዛሬው እያብረቀረቀች ያቆይለት።