በወረቀቱ አፍ ስለተያዘው የሊቀመንበሩ እጅ

የምስክር ስም፦ ዕድሜዋ አሥራ ስምንት ዓመት ስላልሞላ በተለየ ወረቀት ተይዟል፤ በሰፈሩ «ክብሪት» በመባል ትታወቃለች
ዕድሜ፦ 16
ሥራ፦ ተማሪ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪ በአጎቷ ብየዳ ቤት ረዳት (ምስክሯ «ረዳት» የሚለው እንዲሰረዝ ጠይቃለች፤ አልተሰረዘም)
አድራሻ፦ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በጣቢያው የምርመራ ክፍል
በአሳዳጊነት አብረው የተገኙ፦ የምስክሯ አያት (የተጠርጣሪውም እናት ናቸው)

እኔ ከላይ የተመለከትኩት ምስክር፣ ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ በሰፈራችን የልጆች መጫወቻ ሜዳ በነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር እጅ ላይ ስለደረሰው ጉዳት የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። አያቴ «አጠር አድርጊው» ብላኛለች፤ እሞክራለሁ።

ተጠርጣሪው የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። እናቴ ለሥራ ርቃ ስለምትኖር ያሳደጉኝ እሱና አያቴ ናቸው። በብየዳ ቤቱ የፊት መከላከያው አንድ ብቻ በነበረበት ጊዜ ለእኔ አጥልቆልኝ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይበይድ ነበር። የዚያን ጊዜ የበየዳቸውን ወንበሮች ያየ ሰው ጨፍኖ መበየዱን አይጠራጠርም። የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ሚሊሜትር» ይለዋል፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «እኛ ቤት ሥራ በሚሊሜትር ነው» ስለሚል። ሲለካ ግን በስንዝር ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ ነው። ይህን የምናገረው ለስድብ ሳይሆን ለምርመራው ስለሚጠቅም ነው።

ኮሚቴው እያንዳንዱ ቤት ፕላስቲኩን፣ ወረቀቱንና ቆርቆሮውን ለይቶ የሚጥልበት ማጠራቀሚያ ለማሠራት ሐሳብ ያመጣው ባለፈው ክረምት ነው። ከዚያ በፊት በሜዳው ጥግ ክዳን ያለው አንድ ትልቅ በርሜል ነበር። ሰው ሁሉ ቆሻሻውን የሚያስቀምጠው ከበርሜሉ አጠገብ እንጂ ውስጡ አልነበረም። ኮሚቴው ችግሩ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው ብሎ ስብሰባ ላይ ስብሰባ ጠራ። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሰዉን አየሁት። የሚመጣው ሁሉ በአንድ እጁ ፌስታል፣ በሌላው ስልክ ወይም ልጅ ወይም ምርኩዝ ይዟል። ክዳን የሚያነሳ ሦስተኛ እጅ የለውም። ትልልቆቹ ሲጠየቁ «ወገቤን ያመኛል» ይላሉ፤ ስብሰባ ላይ ከፊት ያለውን ወንበር ለመያዝ ሲሽቀዳደሙ ግን ወገባቸው ደህና ነው።

ስለዚህ ክዳን የሌለው ማጠራቀሚያ ሣልኩ። ሦስት ክፍል፣ ሦስት አፍ አለው። ለፕላስቲክ ጠርሙስ ክብ፣ ለቆርቆሮ አራት ማዕዘን፣ ለወረቀት ደግሞ የሰው እጅ የማያስገባ ቀጭን ስንጥቅ። መነጽሩን የረሳ ሰው እንኳ ዳብሶ እንዲለየው ነው። ከወረቀቱ አፍ በስተውስጥ ዝናብና ንፋስ የሚከለክል የላስቲክ ምላስ አንጠለጠልኩ፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ነው። ከታች መቀርቀሪያ ያለው በር አደረግኩ፤ ቆሻሻ ሰብሳቢው ጆንያውን ሥር አድርጎ ሲከፍተው ሁሉም ይወርዳል። መጀመሪያ በካርቶን ሠርቼ ወጥ ቤታችን ውስጥ አስቀመጥኩትና በአያቴ ላይ ሞከርኩት። አያቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስታ የጋሼን ካልሲ ወረቀት ውስጥ ከታለች። (የምስክሯ አያት በዚህ ጊዜ «እኔ አልከተትኩም» ብለዋል፤ ይመዝገብልኝ ስላሉ ተመዝግቧል።)

ጋሼ ካርቶኑን አይቶ በጣም ወደደው። ኮሚቴው ፊት እኔ ላቅርብ ስለው ግን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ ትልቅ ሰው ካላቀረበው አይሰሙም። ስምሽን እጠራለሁ፣ አታስቢ» አለኝ። ማታ ጸድቆለት እየዘፈነ ገባ። ስሜን ጠርቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሰዓት አልበቃም» አለኝ። ይህ ሰው ትርፍ አንጀቱን እንዴት እንዳወጡለት ሲያወራ እንግዳ ራቱን በልቶ፣ አንቀላፍቶ፣ ነቅቶ፣ ገና ሐኪሙ ጓንት አላጠለቀም።

ሥራው ሲጀመር ጋሼ ሦስት ነገር ለወጠ። የወረቀቱን አፍ በእኔ ልክ ሳይሆን በራሱ ግማሽ ስንዝር ቆረጠው። «ወፍራም ጋዜጣም ይግባ እንጂ» አለ። እጅ ይገባል አልኩት። «የትኛው እብድ ነው ቆሻሻ ውስጥ እጁን የሚከተው?» አለኝ። ቀጥሎ የላስቲኩን ምላስ ጣለው። «ሊቀመንበሩ ፊት አሮጌ ጎማ? ሰው ምን ይለናል!» ብሎ በምትኩ ሁለት የላሜራ ቅጠሎች ወደ ውስጥ አጥፎ በየደ፤ ጠርዛቸውን እንኳ አልሞረደም። ጋሼ፣ የገባ ነገር ተመልሶ አይወጣም አልኩት። «ቆሻሻ ደግሞ መውጣት ምን አስፈለገው?» አለኝ። በመጨረሻ የታችኛውን በር በየዶ ደፈነው፤ «መቀርቀሪያ ካለ ሌባ ይከፍተዋል» ብሎ። ሲሞላ በየት ሊወጣ ነው? ስለው «እስኪሞላ መላ አይጠፋም» አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማጠራቀሚያው ሜዳው ላይ ከተተከለ በኋላ፣ ጋሼ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ የነሐስ ታርጋ አወጣ። «ዲዛይንና ሥራ» ይልና ከሥሩ የእሱ ስም እስከ አያቱ ተቀርጿል። የእኔ ስም የለም። ቦታ ጠፍቶ ይሆናል፤ የአያቱ ስም ረጅም ነው። ታርጋውን ደጋግሜ ሳነብ አይቶኝ «ልጅ ናት የሠራችው ቢባል ማን ይጠቀምበታል? ለአንቺው ብዬ ነው። ቀጣዩ ላይ ያንቺ ስም ይሆናል» አለኝና ካቻቢቴውን ሰጠኝ። እሱ ታርጋውን ይዞልኝ አራቱንም ብሎን ያሰርኩት እኔ ነኝ። አጥብቄ ነው ያሰርኩት፤ አምኜው ነበር።

እሑድ ረፋድ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ለምረቃው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩን ልጆች «አባባ በመጨረሻም» እንላቸዋለን፤ ንግግር ሲያደርጉ «በመጨረሻም» ካሉ በኋላ ገና መሃሉ ስለሆነ። በአንድ እጃቸው ማይክ፣ በሌላው የንግግራቸውን ወረቀት ይዘው ቆሙ። መጀመሪያ ታርጋውን አንብበው ጋሼን አመሰገኑ፤ ተጨበጨበ። ጋሼ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ጎንበስ ቀና አለ። ቀጥሎ ሊቀመንበሩ አጠቃቀሙን ለማሳየት «ወረቀት፣ እዚህ!» ብለው የያዙትን ወረቀት ስንጥቁ ውስጥ ከተቱ። እሱም ገና ያልተነበበው ንግግራቸው ነበር። ለትንሽ ጊዜ ባዶ እጃቸውን አዩት። ከዚያም እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደው ወረቀቱን ፈለጉ። «ይቺትና፣ ነካኋት» ሲሉ በማይኩ ሰምተናል። ሊያወጡ ሲስቡ ላሜራው ያዛቸው። ማይኩን ስላልለቀቁት ጩኸታቸው እስከ ታችኛው መንገድ ተሰማ። ሰዉ የትርኢቱ ክፍል መስሎት እንደገና አጨበጨበ። ደም እስኪታይ ድረስ እኔም ስቄያለሁ። ይህን አልደብቅም።

ደሙን ሳይ የታችኛውን በር ክፈቱት ብዬ ሮጥኩ። መበየዱን የረሳሁት ከድንጋጤ ነው። መሬት ላይ ተኝቼ መቀርቀሪያውን ስፈልግ እጄ ያገኘው የብየዳውን መስመር ነው። በሩ ቢኖር ኖሮ ከሥር እጄን አስገብቼ ቅጠሎቹን ከክንዳቸው ባላቀቅኩላቸውና በወጡ ነበር። ቀና ስል ጋሼ ካቻቢቴ ይዞ አጠገቤ ተንበርክኳል። ሊያግዘኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ታርጋውን እየፈታ ነበር። «ጋሼ፣ ሰውየው!» ብዬ ጮህኩበት። «ዝም በይ፣ አንድ ብሎን ነው የቀረኝ» አለኝ። ሲፈታለትም ጩኸቱን ሰምተው የመጡ ፖሊሶች ሜዳውን ሲያቋርጡ አይቶ የሚደብቅበት አጣና ታርጋውን በቆርቆሮው አፍ ከተተው። ከሊቀመንበሩ ቀጥሎ ማጠራቀሚያውን የተጠቀመ ሰው እሱ ነው፤ ለይቶም ነው የጣለው።

አሁን ቃሌን የሚቀበሉኝ ሳጅን በዚያን ጊዜ «ይህን የሠራው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ ተነሳና በጣቱ እኔን አሳየ። «ዲዛይኑ የእሷ ነው። ከሐሳቡ ጀምሮ የእሷ ነው። እኔ የሣለችውን በየድኩ እንጂ አንድ ነገር አልጨመርኩም» አለ። ስሜንም እስከ ወንድ አያቴ ጠራው። ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ከክረምት ጀምሮ ስጠብቅ ነበር፤ በሰው ፊት ሲለው የመጀመሪያው ነው። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያጨበጨቡለት ሽማግሌዎች ሁሉ ቆመው ነበር፤ አንዱም «ታርጋው ላይ የነበረው የማን ስም ነው?» አላለም። ሁሉም ጫማቸውን ይመረምሩ ነበር። ለራት ያልበቃው የልጅ ቡኮ ለክስ በቃ ማለት ነው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው የማጠራቀሚያውን ጀርባ ቆርጠው ሊቀመንበሩን አወጧቸው። ከወረቀቱ ክፍል ንግግሩ፣ ከቆርቆሮው ክፍል ታርጋው ወደቀ። ታርጋው በኤግዚቢትነት፣ ባለስሙ ጋሼም በተጠርጣሪነት ሲያዙ አይቻለሁ።

ትናንት ጋሼ በዋስ ተለቆ ቤት ገባ። ወጥ ቤት ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ቢበዛ ተመክረሽ ትለቀቂያለሽ። እኔ ብታሰር ብየዳ ቤቱ ይዘጋል፤ ማን ያበላናል? የሣልኩት እንደዚሁ ነው በያቸው፣ በቃ» አለኝ። ይህን ሲል የተደገፈው ካርቶኑን ነበር። ብዙ የምመልሰው ነበረኝ፤ ሰፈሩ ምላሴን ያውቀዋል። አንድም ቃል አልወጣኝም። ጨፍኖ የሚበይደው ጋሼ ትዝ አለኝና ዓይኑን ማየት ከበደኝ። አያቴ ሁሉንም ሰምታለች። «ደምሽ ነው፣ ክብሪቴ» ብቻ አለች። ዛሬ ጠዋት ግን ማንም ሳይጠራት የክት ልብሷን ለብሳ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

ማጠራቀሚያውን ዲዛይን ያደረግሽው አንቺ ነሽ ወይ? ተብዬ ተጠይቄ፣ የሚከተለውን መልሻለሁ። የእኔ ዲዛይን እጅ የማያስገባ አፍ፣ የላስቲክ ምላስና የሚከፈት በር ያለው ነው። ካርቶኑ አሁንም ወጥ ቤታችን ውስጥ ይገኛል። ሳጅኑ መጥተው እጃቸውን እንዲሞክሩበት ጋብዣቸዋለሁ፤ አይገባላቸውም። ሜዳው ላይ ያለው የእኔ አይደለም። ስለ ታርጋው የምትጨምሪው አለ ወይ? ተብዬም ተጠይቄ፣ አለ ብያለሁ። በመጀመሪያ ሳየው ውሸት መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው በላዩ ላይ የተጻፈው አንድም ስህተት የለበትም። ዲዛይኑም ሥራውም የእሱ ነው። ምርመራው ሲያልቅ ይመለስለት፤ ብሎኖቹን ግን ሌላ ሰው ይሰርለት።

የሰጠሁት ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ፣ ሳቄንም ዝምታዬንም ጨምሮ እኔ ያልኩት መሆኑን አምኜ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው ሳጅን ፊርማ፦ ተፈርሟል
የአሳዳጊ ፊርማ፦ ተፈርሟል

የመርማሪው ማስታወሻ፦ የምስክሯ አያት ቃሉ ድጋሚ እንዲነበብላቸው ጠይቀው ተነቦላቸዋል። ስለ ልጃቸው የተባለው እውነት መሆን አለመሆኑን ሲጠየቁ እስክሪብቶውን አንስተው «ካልሲውም እውነት ነው» ብለው ፈርመዋል።