የዘጠኝ ቁጥር በርሜል እርጥብ እግር

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ በመታወቂያቸው መሠረት መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የሚታወቁት «ጋሽ ምላስ» በሚለው ነው
ዕድሜ፦ 79 (ምስክሩ «ምላሴ ግን ገና ሠላሳ ነው» ብለዋል)
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የወይን እርሻ ሠራተኛና ቀማሽ
አድራሻ፦ ከወይን እርሻው በር ፊት ለፊት፣ አረንጓዴ መስኮት ያለው ቤት
ከተጠርጣሪዋ ጋር ያላቸው ዝምድና፦ አያት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30 ጀምሮ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳይመክረኝ ቃሌን እንደሚከተለው እሰጣለሁ። ሳጅኑ የተጠየቅሁትን ብቻ እንድመልስ አሳስቦኛል። እኔም እሞክራለሁ ብያለሁ።

በዚህ እርሻ አርባ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እርሻው ያለው አንድ ኮረብታ ላይ ሲሆን መሬቱን በሰው አካል የሰየምኩት እኔ ነኝ። ከታች ወንዙ ዳር ያለው ጥቁርና ጥልቅ አፈር «ሆድ» ይባላል። ከላይ ያለው ነጭ ድንጋያማ ተዳፋት «ግንባር» ይባላል። የሆድ ወይን እንደ ሆዳም እንግዳ ነው፤ አፍ ሞልቶ ይገባል፣ ይጣፍጣል፣ ሳያመሰግን ውልቅ ይላል። የግንባር ወይን ደግሞ እንደ ሟች ባለቤቴ ነው፤ ሲገባ ይቆጣል፣ ምላስ ይቆነጥጣል፣ ከሄደ በኋላ ግን አይረሳም። ሽታው ፀሐይ ሲመታው ውሎ ዝናብ የነካው ድንጋይ ነው። መጨረሻ ላይ በድንጋዮቹ መሃል የሚበቅለው የጦስኝ ምሬት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ይህም የሆነው የግንባር ሥር ውሃ ፍለጋ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲንከራተት ስለሚኖር ነው። ሳጅኑ «አባባ፣ ይሄ ለጉዳዩ ያስፈልጋል?» ሲለኝ «ጉዳዩ ይኸው ነው» ብዬ መለስኩለት።

የልጅ ልጄ የወይን ጠጁ ማከማቻ ኃላፊ ናት። ባለፈው ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ የገዢው ድርጅት ቀማሽ መጥቶ ሁለቱን የግንባር በርሜሎች፣ ዘጠኝ ቁጥርንና አሥር ቁጥርን ቀመሰ። የሁለቱም ፍሬ የተለቀመው በአንድ ሳምንት ነው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ከሥራ ወጣሁ እንጂ ከማከማቻው በር አልወጣሁም። ቀማሹ ከሩቅ የሚጣራ ሽቶ ተቀብቶ ስለነበር «ልጄ፣ ወይኑን ነው የምትቀምሰው ወይስ አንገትህን?» ብዬዋለሁ። አሥር ቁጥርን አመሰገነ። ዘጠኝ ቁጥርን ግን በአፉ አንከባሎ ተፋውና «ይሄ የታችኛው መሬት ወይን ነው፤ ተቀይሯል» አለ። የማከማቻው ቁልፍ በልጅ ልጄ እጅ ብቻ ስለሚገኝ፣ ባለ እርሻው የግንባሩን ወይን አውጥታ በሆድ ወይን ተክታዋለች ሲል ከሰሳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚሁ ጣቢያ ናት። ረቡዕ ፍርድ ቤት ትቀርባለች ተብያለሁ። የእሷ መልስ «በርሜሉን አልነካሁም» ብቻ ነው። እኔ በሽቶው ሰውዬ ስሳለቅ ዘጠኝ ቁጥርን ያን ዕለት አልቀመስኩም፤ ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው።

ዛሬ ከረፋዱ 4፡15 ላይ ሳጅኑ ከማከማቻው ተወስደው በማኅተም ከታሸጉት ናሙናዎች አራት ብርጭቆ ቀዳና ከብርጭቆዎቹ ሥር ቁጥር ለጥፎ ከብረት ቁም ሳጥኑ ጀርባ ይዞልኝ መጣ። ብርጭቆዎቹ ሳሙና ሳሙና ስለሚሉ «ለሳሙና ልመሰክር አልመጣሁም» ብዬ እንደገና አሳጥቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ቀምሼ «ሆድ» አልኩ። ሁለተኛውን «ግንባር፣ አሥር ቁጥር» አልኩ። ሦስተኛውን ገና ከከንፈሬ ሳይለይ «ይሄማ የመጀመሪያው ነው። ሽማግሌ ታታልላለህ አንተ?» አልኩት። ሳጅኑ ሥሩን አየና ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሦስቱንም በትክክል መለየቴ እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል።

አራተኛው ዘጠኝ ቁጥር ነበር። አፍ ላይ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ያ ቀማሽ ሆድ ማለቱ ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ምላሱ እስከዚያ ድረስ ደርሷል፤ ከዚያ ግን ተፋው። ወይንን አጋምሶ መትፋት ምስክርን አጋምሶ ማባረር ነው። እኔ ዋጥኩት። ከዋጥኩት በኋላ ሃያ ያህል ስቆጥር ድንጋዩ መጣ፣ ከኋላው ጦስኙ መጣ። ሆድ ላይ ጦስኝ በቅሎ አያውቅም። ስለዚህ «ግንባር ነው፤ ያውም ከጫፉ፣ ከላይኞቹ አሥር መስመሮች። ግን እግሩ ረጥቧል» አልኩ።

ሳጅኑም «እግሩ ረጥቧል ማለት ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ ዝም ማለቴ ይጻፍልኝ። ዝም ብዬ ስለማላውቅ ሳጅኑ ብዕሩን አስቀምጦ «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» ብሎኛል። አላመመኝም። የወይኑ እግር ለምን እንደረጠበ ገብቶኝ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ባለ እርሻው ከግንባር በላይ የውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳ ሊያሠራ ግንበኛ ይምጣ ሲል «እኔ እያለሁ?» ብዬ ራሴ ገነባሁት። የልጅ ልጄ «አባባ፣ ሲሚንቶ ብቻውን አይበቃም፤ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፍበት» ብላ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። እኔ ግን ሳቅሁባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ስሟን «ፕላስቲክ» አልኩት። ባለፈው በጋ የገንዳው ውሃ በየሳምንቱ አንድ ስንዝር ይጎድል ጀመር። ባለ እርሻው ሲጠይቀኝ «ፀሐይ ጠጥታው ነው» አልኩት፤ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይገባ፣ በውሃ ጎማ እየሞላሁም ጉድለቱን ደበቅሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከገንዳው ሥር ያሉት አሥር መስመሮች በጋውን ሙሉ ያንን ውሃ ሲጠጡ ከርመዋል። ውሃ ደጁ ድረስ የመጣለት ሥር ደግሞ አይንከራተትም፤ ፍሬው ይወፍራል፣ ወይኑም ይለሰልሳል። የልጅ ልጄ የእነዚያን መስመሮች ፍሬ ለብቻ አስለቅማ ዘጠኝ ቁጥር ውስጥ አስገብታለች፤ በርሜሉ ላይም በጠመኔ ጽፋዋለች። ስለዚህ የተሰረቀም የተተካም ወይን የለም። ወይኑ ላይ ውሃ የጨመረው ሰው ከተፈለገ እኔ ነኝ፤ የጨመርኩትም በሥሩ በኩል ነው።

በዚሁ መሠረት ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሳጅኑ፣ ባለ እርሻውና እኔ ወደ ግንባር ወጣን። ሳጅኑ ራሱ ዶማ ይዞ ከገንዳው ሲቆጠር ሦስተኛው መስመር ላይ ቆፈረ። ላዩ አቧራ ነው፤ ጉልበት ያህል ሲወርድ ግን ጭቃው ዶማው ላይ ተለጠፈ። ሠላሳኛው መስመር ላይ ያንኑ ያህል ሲቆፍር ደረቅ ነው፤ ዶማው ድንጋዩን መትቶ እሳት ተፋ። ባለ እርሻው እርጥቡን አፈር በእጁ ጨብጦ «ጋሽ ምላስ፣ ፀሐይ ጠጣችው አላሉኝም ነበር?» አለኝ። «ብዬህ ነበር። አንተ የልጅ ልጄን በሐሰት ወነጀልክ፣ እኔ ደግሞ ፀሐይን» አልኩት። የጨበጠውን ጭቃ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። ከዚያ ክሱን እንደሚያነሳ ለሳጅኑ በቃሉ ተናገረ፤ ስለ ገንዳው ግን ከእኔ ጋር ገና ወሬ እንዳለው ጨመረበት። እኔም ወሬ አልጠላም።

ከቀኑ 8፡20 ወደ ጣቢያው ስንመለስ የልጅ ልጄ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ አይታ ፊቷ ተለዋወጠ። «አባባ፣ ማን ተናገር አለህ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማለዳ ማለዳ ጎማውን ስጎትት ታየኝ ነበር። ዘጠኝ ቁጥርንም ከእኔ ቀድማ ቀምሳ አውቃዋለች። ሦስት ቀን ሙሉ «አልነካሁም» ብቻ ያለችው፣ ረቡዕንም ለመጠበቅ የቆረጠችው፣ ሰው በእኔ እንዳይስቅ ነው። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን በእሷ ሳስቅ ነው የኖርኩት። ምን እንዳልኳት ሳጅኑ ጠይቆኛል። ምንም አላልኳትም፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ዝም ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያላልኩት አልገባበትም፣ ካልኩትም ሳጅኑ ያስቀረው ስለ ሽቶው ሰውዬ የተናገርኩትን ግማሹን ብቻ ነው። እውነት መሆኑን በምላሴ አረጋግጣለሁ። አንድ ነገር ግን ይታረምልኝ፦ «ፕላስቲክ» የሚለው ስም ከዛሬ ጀምሮ ከእሷ ላይ ተነሥቶ ወደ ባለቤቱ ይዛወር።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል፤ ምስክሩ ከፊርማቸው ሥር በገዛ እጃቸው «ጋሽ ፕላስቲክ» ብለው ጽፈዋል)
ቃሉን የተቀበለው ሳጅን ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ተጠርጣሪዋ ከቀኑ 9፡05 ተለቃ ከአያቷ ጋር ወጥታለች።