የእርቅ ድንጋይ

ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ያሉትን አዛውንት ጠየቀቻቸው።

«ወዴት ነው፣ አባባ?»

«ትምህርት ቤት። ልጄ ከክፍል ጓደኛው ተደባድቦ ሽምግልና ይዘናል።»

«እስካሁን አልታረቁም?»

«ሊታረቁ ነበር። ሽማግሌዎቹ ልጄን ‹እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቅ› አሉት።»

«ደግ ብለዋል።»

«ወጉን ለተበዳዩ ልጅ የነገረው የለም። የኔው ድንጋይ ተሸክሞ በበሩ ሲገባ ቢያየው፣ አጥር ሊዘል ሲል እግሩን ወለም አለው።»

«ያረቢ። ታዲያ አሁንስ?»

«አሁንማ ለእግሩም ካሱ ተባልን። አባትም ይቅርታ ይጠይቅ አሉ።»

«እና ይኼ እግርዎ ስር ያለው ማዳበሪያ ምንድነው?»

«ሁለት ድንጋይ ነው። አነስ ያለው የኔ ነው፤ ወገቤን ያመኛል።»

መኪናው ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ እግሬን ቀስ ብዬ ሰበሰብኩ።