ትንሿ ካርታ

ባቡሩ ከሞጆ ተነስቷል። ከፊቴ አንድ ሸምገል ያሉ ጸሐፊና ወጣት ባልደረባቸው ተቀምጠዋል። አዳማ ሲደርሱ ከሆቴሉ ግሪክና ከወንድሙ ጋር፣ ሁለት ለሁለት ሆነው ብሪጅ የሚሉትን የፈረንጅ ካርታ ሊጫወቱ ነው።

«ስማ፣ መድረሳችን ነው። እኔ በጀመርኩት ላይ ትልቅ ካርታ ከጣልክ ‹ይቀጥሉበት› ማለትህ ነው። ትንሽ ከጣልክ ‹ይተዉት›።»

«ገብቶኛል፣ ጋሼ።»

«ባለፈው እሁድም ገብቶህ ነበር። ዘጠኝ ጣልክልኝ፣ ቀጠልኩበት፣ እጅህ ላይ ግን ምንም አልነበረም። ግሪኩ ሳቀብን።»

«ሁለትም ነበረችኝ።»

«ታዲያ እሷን አትጥልም?»

«ለእርስዎ ሁለት መጣል ከበደኝ። ታላቄ ነዎት።»

«ዛሬ ትንሿን ካልጣልክልኝ ነው የምቀየምህ።»

«እሺ፣ እጥላለሁ። ስጥላት ግን አይዩኝ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ከንፈሬን ነከስኩ።