በረዶ የመታው ማንጎ

ሄሎ?... አቤት፣ ሰገነት ነኝ። ማን ልበል?... ቢምረው! የማንጎ ነጋዴው! ሄሎ... ቆይ፣ ጉብታው ላይ ልውጣ፤ እዚህ ተከዜ ዳር ይቆራረጣል።... አሁንስ ትሰማኛለህ?

አዎ፣ እውነት ነው። ትናንት ከሰዓት በረዶ ጣለብን።... የምን ሽንብራ? ባቄላ የሚያክል!... እኛስ ደህና ነን፣ ፍሬው ነው እንጂ። ላይ ላዩ ቆስሏል፤ ቅጠል የሸፈነው ተርፏል።

ምን አልከኝ?... ሁሉንም ዛሬውኑ ልቀጥፈው? ጠባሳው ሳይጠቁር?... እና ውጭ አገር የሚልኩት ሰዎች ሲያዩት?... አያዩትም ነው የምትለኝ!

አይሆንም።... አይሆንም አልኩህ እኮ! ግማሹ ገና ለጋ ነው፣ አሥር ቀን ይፈልጋል። ለጋው ሣጥን ውስጥ ይጨማደዳል እንጂ አይበስልም። የተመታው ደግሞ ባሕር ሳይሻገር በስብሶ ደህናውንም ያበላሸዋል።... አምና ጎረቤቴ ካሤ አንተን ሰምቶ ምን ሆነ?... አንተው ነህ እኮ ቅጠፍ ያልከው! ጭነቱ በስብሶ ሲጣል አንተ ሌላ ወረዳ ሄደህ ገዛህ። እሱ ግን ሰባት ዓመት ያሳደጋቸውን ዛፎች በመጥረቢያ ገነደሳቸው።

— ጸሐዩ! ኧረ ያንን መሰላል ተወው! ማንም ዛፍ ላይ አይወጣም!

አይ፣ ባለቤቴን ነው።... ለካ ቀድመህ ለእሱ ደውለህለታል! እሱ መኪናው ይቀርብናል ብሎ ፈርቷል። እኔ አልፈራሁም።

ግትር?... ልሁና! የካቲት ላይ ያ ትኩስ ንፋስ አበባውን ሲያረግፈው፣ ፓምፑም ሲቆም፣ ከተከዜ በጀሪካን ተሸክሜ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ንፋሱ አልቻለኝም፣ በረዶው አልቻለኝም — አንተ ልትችለኝ ነው?

እንግዲያው አትምጣ! የቆሰለውን ለይቼ ሰቆጣ ገበያ አወጣዋለሁ፤ ቁስሉን እያሳየሁ እሸጠዋለሁ። ለጋው እዚያው ዛፉ ላይ ይቆያል።... ደግሞ ቢዘንብስ? ይዝነባ! የእኛ ወረዳ፣ የዝቋላ ማንጎ ሻጭ ሌባ ነው ከሚባል በረዶ ይብላው።

...ሄሎ? ቢምረው? ጠፋህ እንዴ?... ስንት ሣጥን ይተርፋል?... አርባ ቢሞላ ነው።... ለአርባ ሣጥን መኪና አይንቀሳቀስም? እንዳሻህ።

...ምን? ጮክ በል።... አሥር ቀን ልትጠብቅ?... እንግዲህ በአሥራ አንደኛው ቀን ና፤ እኔው ራሴ አንድ በአንድ መርጬ እጭንልሃለሁ። ከዚያ በፊት መኪናህን ባየው ግን በሩን አልከፍትልህም።

በል ደህና ዋል። ደመናው እንደገና እየተሰበሰበ ነው፣ ሥራ አለብኝ።