መደቡ ተሸፍኗል

ክቡር ዋና ሥራ አስፈፃሚ አቶ አዶኒያስ፣ የተከበራችሁ የወረዳ ምክር ቤታችን አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ለጡረታ ሽኝቴ አዳራሹን ያሰናዳችሁ፣ ወንበር የደረደራችሁ፣ ኬኩን ያዘዛችሁ ሁሉ ጌታ ይባርካችሁ። ኬኩ ላይ ኤርሳዶ የሚለው ስሜ «ኤርሳዱ» ተብሎ ተጽፏል። ግድ የለም፣ ያው ይበላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ስም ሳጣራ ኖሬ የራሴ ቢሳሳት ምን ይገርማል?

ሮሃ ፕሮግራሙን ስታስረዳኝ «ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ አለዎት፤ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ይናገሩ» ብላኛለች። አሥሩን ደቂቃ እቀበላለሁ። ሌላውን ግን ቃል አልገባሁላትም።

የቢሮ ልጆች በሰው ሀብት ክፍል የቅጥር ደብዳቤ የሚጽፈው ሰውዬ ብላችሁ ነው የምታውቁኝ። የምክር ቤት አባላት ግን የማታውቁት ሌላ ሥራ ነበረኝ። እናንተ በየሦስት ወሩ ትሰበሰባላችሁ። ጥያቄያችሁ ቀድሞ በጽሑፍ ይመጣል፤ መልሱን ሥራ አስፈፃሚው መድረክ ላይ ወጥተው ያነባሉ። ጥያቄው ስለ ሠራተኛ ከሆነ ያ የሚነበበው መልስ ከየት ይመጣል? ከእኔ ጠረጴዛ። አራት ሥራ አስፈፃሚዎች የእኔን ጽሑፍ አንብበዋል። አንዱማ ከመድረክ ሲወርዱ «ንባቤ እንዴት ነበር?» ይሉኝ ነበር። ንባባቸው ጥሩ ነበር።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ምክር ቤቱ አንድ ጥያቄ ላከ። «የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ስንት ሠራተኛ ጎድሎታል?» የሚል። ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገብበት፣ ሦስት መስኮት ያለው ክፍል ነው። ለሦስቱ መስኮት ሦስት መደብ ተፈቅዷል። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ ያለችው ሱሀይላ ብቻ ናት። እኔም ያለውን ጻፍኩ፦ «ሁለቱ ክፍት መደቦች በአንዲት ሠራተኛ በተደራቢነት ተሸፍነዋል።»

ያኔ የነበሩት ኃላፊ እስክሪብቶ አነሡና «በአንዲት ሠራተኛ በተደራቢነት» የሚለውን ሰረዙት። «ኤርሳዶ፣ ምክር ቤት ረጅም ዓረፍተ ነገር አይወድም» አሉኝ። ምን ቀረ? «ሁለቱ ክፍት መደቦች ተሸፍነዋል።»

ውሸት ነው? አይደለም። እኛ ቢሮ ውስጥ «ተሸፍኗል» ማለት አንድ ምስኪን በራሱ ሥራ ላይ ደርቦ ይዞታል ማለት ነው። ውጭ ያለ ሰው ሲሰማው ግን ሰው ተቀጥሯል ማለት ነው። ይህን ልዩነት አላወቅንም እንዳትሉኝ። በደንብ እናውቅ ነበር። መልሱ ሲነበብ አዳራሹ አጨበጨበ። በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም አልሰረዘብኝም፤ ራሴው አሳጥሬ ጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያው ተሸፍኗል፣ ንግድ ፈቃዱ ተሸፍኗል፣ መዝገብ ቤቱ ተሸፍኗል። አንዳንዴ ቃሉን ስጽፈው በሬሳ ላይ ነጠላ የማለብስ ይመስለኝ ነበር፤ ግን ጻፍኩት።

ወይዘሮ ሐሚዳ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው አይዎታለሁ። ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡት፣ በዚህ ምክር ቤት ጥያቄ ጠይቀው መልሱን ያዳመጡ ብቸኛ ሴት እርስዎ ነዎት። ከወንዶቹም እንዲህ ያደረገ አላየሁም። አንድ ቀን ተነሥተው ምን አሉ?

«ተሸፍኗል ትሉናላችሁ። እኔ የልጅ ልጄን ላስመዘግብ ሄጄ ያየሁት አንዲት ልጅ ናት። ጎማ ባለው ወንበር ከመስኮት መስኮት ስትንከባለል ዋለች። ሌሎቹን ምን በላቸው?»

ሰው ሳቀ። አፈ ጉባኤው «የተከበሩ፣ ጥያቄዎ ተይዟል» አሉ። መያዙስ ተያዘ። የመስክ ጉብኝት ይደረግ ተባለና ቀን ተቆረጠ። ቀኑ ደግሞ በደብዳቤ ተነገረን! ሌባ ቤት ፖሊስ «ማክሰኞ አራት ሰዓት እመጣለሁ፣ ተዘጋጅ» ብሎ ሲጽፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ማክሰኞ አራት ሰዓት ሦስቱም መስኮት ሰው ነበረበት። ሱሀይላ ሞት ላይ፣ ሮሃ ከመዝገብ ቤት መጥታ ጋብቻ ላይ፣ ፊሊሞን ከፋይናንስ መጥቶ ልደት ላይ። ማን አስቀመጣቸው? እኔ። አንድ የተከበሩ አባል ፊሊሞንን «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ቢሉት ደንግጦ «እኔ... ልደት እሠራለሁ» አላቸው። «ታዲያ ስንት ወለድክ?» ተባለ፤ ሁላችንም ሳቅን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ውኃ ተጠጣ። ስድስት ሰዓት ላይ ፊሊሞን ወደ ፋይናንሱ፣ ሮሃ ወደ መዝገቧ ተመለሱ። ሱሀይላ ወንበሯን እየገፋች ቀጠለች። ወይዘሮ ሐሚዳ፣ ያን ቀን «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነበር» ብለው ሄዱ። አልተሳሳቱም ነበር። ዛሬ በሰው ፊት ነው የምነግርዎት፤ ያታለልንዎት እኛ ነን።

ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ግን እንደ ቀልድ ነው የምታወሩት። አቶ ሃይደር የሚባሉ የሚኒባስ ሹፌር የወንድማቸውን ሞት ሊያስመዘግቡ መጡ። ያን ቀን ወረፋው ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱ ድረስ ደርሶ ነበር። ሱሀይላ ከሦስት መስኮት ሦስት ዓይነት ቅጽ ይዛ የአስመዝጋቢውን ስም በሟቹ ቦታ አስገባች። አቶ ሃይደር ሞቱ። ወንድማቸው ተነሣ። መንጃ ፈቃድ ሊያሳድሱ ሲሄዱ «ሰውዬው አርፈዋል እኮ» ተባሉ። ሁለት ወር ከኢምፔሪያል ገርጂ መንዳት አቅቷቸው ቤት ተቀመጡ።

ምክር ቤቱ ጠየቀ፦ «ተጠያቂው ማነው?» መልሱን እኔ ጻፍኩ፦ «በአጥፊዋ ባለሙያ ላይ አስፈላጊው እርምጃ እየተወሰደ ነው።» አጭር ዓረፍተ ነገር።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ሱሀይላ ገብታ «ሦስቱንም መስኮት ብቻዬን ነው የምሠራው፤ ጋሽ ኤርሳዶ ያውቃሉ» አለች። ሰብሳቢው ለምክር ቤት የቀረበውን ሪፖርት አወጡ። «እዚህ ላይ ሦስቱም መደብ ተሸፍኗል ይላል። ሦስት ሰው እያለ የሥራ ጫና ከየት መጣ?» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ኤርሳዶ፣ ሪፖርቱ ትክክል ነው?» አሉኝ።

ልጅቷ አየችኝ። ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር ነበር የቀረኝ። «ትክክል ነው» አልኩ።

ፈራሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬ ነበር፤ መመሪያ ነው፣ አሠራር ነው፣ የበላይ ትእዛዝ ነው እያልኩ። ፍርሃት ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ሠራተኛ በእኔ ቃል ተባረረች። እኔ በማግስቱ ስንብቷን ጽፌ፣ ማኅተም አስደርጌ፣ ምሳዬን በላሁ። በቸርቻችን እሑድ እሑድ ከፊት ነው የምቀመጠው፤ ያን እሑድም ከፊት ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ቤቷ ሄድኩ። ገርጂ፣ እናቷ ጋ ነው ያለችው፤ አጎቷ ሱቅ ትውላለች። ተቀመጥኩ፣ አለቀስኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሰማችኝና «ጋሼ፣ ይቅርታውን ለእኔ አያምጡልኝ፤ እኔ ምን አደርገዋለሁ? የፊታችን ሐሙስ ይግባኜ ይታያል። ለዳኛው ይንገሩት» አለችኝ። ሻይ እንኳ አልሰጠችኝም። ልክ ናት።

አቶ አዶኒያስ፣ እርስዎ ወጣት ነዎት፤ ይህ ሁሉ ሲጀመር እዚህ አልነበሩም። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት አስጠርተውኝ «ጋሽ ኤርሳዶ፣ የመጨረሻ ውለታ፤ ለሚቀጥለው ጉባኤ ስለ እርስዎ መደብ መልስ ያዘጋጁልን» ብለውኛል። የእኔ ቦታ ለጊዜው ለሮሃ ተደርቧል። ምን እንድጽፍ እንደፈለጉ ሁለታችንም እናውቃለን። የጻፍኩት ግን ይህን ነው፦ «መደቡ ክፍት ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ከራሷ ሥራ ጋር ትሠራዋለች፤ አትችለውም።» ፈርሜበታለሁ። ከእሱ ጋር በዘጠኝ ዓመት ተሸፍኗል ያልኳቸውን ሃያ ሁለት መደቦች፣ እያንዳንዱን ማን ደርቦ ይሠራው እንደነበር በስም ዘርዝሬ አያይዣለሁ። አንዱ ቅጂ በወይዘሮ ሐሚዳ ቦርሳ ውስጥ ነው። አሁን ማንም ሊያሳጥረው አይችልም።

ጨርሻለሁ፤ ሮሃ ሰዓቷን እያየች ነው።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። የምክር ቤት አባላት፣ ጌታ ሁለተኛ ጥያቄ የመጠየቅ ትዕግሥት ይስጣችሁ። አቶ አዶኒያስ፣ የማያሳፍር ወረቀት የሚያነብ ዓይን ይስጥዎት። ለልጆቼ፣ ለቢሮ ልጆች፣ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ይስጣችሁ፤ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከልጆቻችሁ ጋር የምታወሩበት ጉልበት ይትረፋችሁ። ሳትባረሩ ጡረታ ውጡ፤ ስትወጡም እንደ እኔ አፍራችሁ አትውጡ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ችሎት ፊት ቆሜ በፊት ያልኩት ሐሰት ነበር እላለሁ። ብቻዬንም ብሆን እላለሁ። ብቻዬን ከሆንኩ ግን ዳኛው «አንዲት ሴት ሦስት መስኮት ስትሠራ ሌላ ያየ ሰው አልነበረም ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እኔም እየጠራሁ እመልሳለሁ። የሁላችሁንም ስም እስከ አያት አውቀዋለሁ፤ የቅጥር ደብዳቤያችሁን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ በቸር ያገናኘን።