ያልተጫወትነው ጨዋታ

የተከበሩ ፓስተር፣ የዌንደል ባለቤት ወይዘሮ ቨርና፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ፣ ከማዕድን ፈረቃችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ከሩቅ ከተማ መኪና ነድታችሁ ይህን ዳገት የወጣችሁ የሎረል ፎርክ ልጆች፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ነፋሱ ይበርዳል፤ ቆባችሁን አድርጉ። ዌንደል ቢሆን እንደዚያው ነበር የሚላችሁ።

ኤመት ስታምፐር እባላለሁ። ለማታውቁኝ፣ በትንሿ ኮሌጃችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከአሰልጣኝ ዌንደል ራትሊፍ ጎን ቆሜ ያረጀሁ ረዳቱ ነኝ። እሱ ሲቆጣ እኔ አባብል ነበር። እኔ ስቆጣ ደግሞ እሱ ይስቅብኝ ነበር።

ስለ ደግነቱ ብቻ ተናግሬ ብመለስ ይቀለኝ ነበር። ደግነቱንማ ሁላችሁም ቀምሳችሁታል። ግን ዌንደል በልቡ ይዞት የሄደ አንድ ናፍቆት አለ። ሬሳ ፊት እውነት ካልተነገረ የት ሊነገር ነው?

ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የዓመቱን መክፈቻ ከደካማ ጋር መጫወት ይወዳሉ። ደካማው ደግሞ ገንዘቡ ይቸግረዋል። ሄዶ ይደበደባል፤ ለመምጣቱ የሚከፈለውን ቼክ ተቀብሎ፣ ጉልበቱን በበረዶ አስሮ ይመለሳል። እኛም እንደዚያ ስንሄድ ኖረናል። የሴቶቹ ቮሊቦል ቡድን አውቶቡስ ነዳጅ የሚሞላው በልጆቻችን ጎድን ነበር። የማርሽ ባንዱ መለከት የሚጠገነው በልጆቻችን ትከሻ ነበር። ይህን የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ?

ታዲያ አንድ መስከረም፣ ከተማችን አሥር እጥፍ ሆና ብትገባበት የማይጠብ ስታዲየም ሄድን። ከአውቶቡስ ስንወርድ አንድ ጥበቃ አየንና፣ «ምግብ አቅራቢዎች በኋላ በር ነው የምትገቡት» አለን። ልጆቹ ደማቸው ፈላ። ዌንደል ግን ቆቡን አንስቶ ሰላም አለውና፣ «በየትም እንግባ ወንድሜ፤ ሜዳው አንድ ነው» አለ።

በኋላ በር ገባን። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ኮልቢ ኮምብስ፣ ያው እዚህ ፊት ለፊቴ የቆመው ኮልቢ፣ ሁለት ግዙፍ ሰዎች ተጭነውት እየወደቀ ኳሷን ወረወራት። ዳላስ ኒውሰም ከጥግ ዘሎ ያዛት። አለቀ፤ አሸነፍን። ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ላይ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በረዶ ሲጥል ሌሊቱ ዝም እንደሚለው ነው።

የእነሱ አሰልጣኝ መጥቶ ዌንደልን ጨበጠው። «ዌንደል፣ ከእንግዲህ አንተን የሚጋብዝ ሞኝ አታገኝም» አለው እየሳቀ። እኛም ሳቅን። ቀልድ መስሎን ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ዌንደል ስልኩን ይዞ ለትልልቆቹ አሰልጣኞች ይደውል ጀመር። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። «ቼኩ ይቅርብን፤ በገዛ ነዳጃችን እንመጣለን» ይላል።

«ዘንድሮ ሞልቷል፣ ዌንደል።»

«የሚመጣውስ?»

«እሱም ሞልቷል።»

«የልጅ ልጄ ቢደውልስ? አሁን ጥርስ እያበቀለ ነው።»

በወዲያኛው ጫፍ ያለው አሰልጣኝ ሳቀ፤ ከዚያ እውነቱን ነገረው። «ስማ፣ ብሸነፍ ከሥራ ያባርሩኛል። ባሸንፍ ማንም አያመሰግነኝም። አንተ በኔ ቦታ ብትሆን ትጫወታለህ?»

ዌንደል ትንሽ አሰበ። «እጫወታለሁ» አለ። ውሸት አልነበረም። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ከገዛ ጥላውም ጋር ይጋጠም ነበር።

እንግዲህ የሚገጥመንን ገጠምን። ያገኘነውን ሁሉ አሸነፍን። በዝናብ አሸነፍን። በጭቃ አሸነፍን። ኮልቢ አንድ ጣቱ ተሰብሮ በፕላስተር ታስሮ ሳለ አሸነፍን። አንድም ቅዳሜ አንገታችንን ደፍተን አልተመለስንም።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ታስታውሱታላችሁ?

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ ጂምናዚየሙ መጣን። ሴቶቹ ባቄላ ሾርባውንና የበቆሎ ዳቦውን ዘርግተዋል። ልጆቹ ከአባቶቻቸው የተዋሱትን ክራቫት አስረው ከፊት ተቀምጠዋል። ትልቁ ቴሌቪዥን ተከፈተ። ለፍጻሜው ውድድር የሚያልፉትን ጥቂት ቡድኖች የሚመርጠው ኮሚቴ ስማቸውን መጥራት ጀመረ። አንዱ ተጠራ። ሌላው ተጠራ። እኛ ጥሩን ብቻ ነበር ያልነው። ዋንጫ ስጡን አላልንም። ጥሩን ነው ያልነው። የመጨረሻዋ ቦታ ሁለት ጊዜ ለተሸነፈ ቡድን ተሰጠች። ስሙ ትልቅ ነው፤ ሰፈሩ ትልቅ ነው፤ ቴሌቪዥኑም ይወደዋል።

የአንዱ ልጅ እናት ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። ኮልቢ ብድግ አለ።

«ኮች፣ ምን አጠፋን?»

«ምንም።»

«ካላጠፋን ለምን አልጠሩንም?»

ዌንደል ሄዶ አስቀመጠውና ከአጠገቡ ተቀመጠ። ክንዱን ትከሻው ላይ ጣለ። ሾርባው ቀዝቅዞ እስኪረጋ ድረስ ሁለቱም አልተነሱም።

በሳምንቱ ዌንደልና እኔ መኪናዬን ይዘን የኮሚቴው አንድ ሰው ቢሮ ሄድን። ክፉ ሰው አልነበረም። ቡና አስቀርቦ አስተናገደን።

«አሰልጣኝ ራትሊፍ፣ ቡድናችሁ ጥሩ ነው። ግን ከማን ጋር ተጫወታችሁ?»

«ሊገጥመን ከፈቀደው ሁሉ ጋር።»

«እሱ ነው ችግሩ። ጠንካራ ቡድን አልገጠማችሁም።»

«አምና አንዱን ገጠምን። ከዚያ ወዲህ የሚገጥመን ጠፋ። ንገረኝ እስቲ፤ በሩን ዘግቶ ለምን አልገባህም ማለት ምን ይባላል?»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አገላበጠ። «የቴሌቪዥኑንም ነገር እወቅልኝ። ገንዘቡ የሚመጣው ከተመልካች ነው። ከተማችሁ ስንት ሰው አላት?»

«በኳስ ቀን ነው ወይስ በሌላ ቀን?»

ሰውዬው ሳቀ። ዌንደል ግን አልሳቀም። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለው። «ለልጆቼ ይህን አድርጉ፣ ያኔ ትጠራላችሁ የምላቸው ምንድን ነው? ተራራውን ግፉ ካልከኝ እንገፋዋለን።»

ሰውዬው መስኮቱን ተመለከተ። እጃችንን ጨብጦ ሸኘን። በመንገዱ ላይ ተራራዎቻችን ሲታዩን ዌንደል፣ «ኤመት፣ ሰውዬው እኮ አፍሯል» አለኝ። ያሳዘነው ይሄ ነበር። በደል መሆኑን እያወቁ ማድረጋቸው።

ጸደይ ሲሆን ደግሞ ለልጆቹ ስልክ ይደወል ጀመር። በሜዳ ሊገጥሙን ያልፈለጉት ልጆቻችንን ፈለጉ። ዳላስ፣ አንገትህን አትድፋ፤ ይህን የምናገረው ለክብርህ ነው። ዳላስ ዌንደል ቤት በረንዳ ላይ መጥቶ ቆመ፤ መግባት አቅቶታል። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ለእነሱ እንዲጫወት ብዙ ገንዘብ አቅርቦለታል። እናቱ ኩላሊቷን ታማለች።

«ኮች፣ እርስዎ ቅር ካልዎት እቀራለሁ» አለ።

«እኔ ምን አለኝና ነው የምትቀረው?» አለው ዌንደል። «ሂድ ልጄ። እናትህን አሳክም። ብቻ እኛን የገጠማችሁ ቀን ቀስ ብለህ ምታን።»

ወይዘሮ ቨርና ለመንገዱ ስንቅ ቋጠረችለት። ዌንደል እሱን ሸኝቶ ሲገባ ወንበሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ያ ቡድን እንደዚያ ተበተነ። የዳላስ እናት ግን ይኸው፣ ከኋላ ቆማ ታለቅሳለች።

ዓመታት አለፉ። ዌንደል ጡረታ ወጣ። ኮሚቴውም ቦታዎቹን ጨመረ፤ ከትንንሾቹ ለአንዱ ወንበር ተገኘ። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ዌንደል መተንፈስ ከብዶት አልጋ ይዞ ሳለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አብረን ተቀምጠን አየን። እንደኛ ያለ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ተጠርቷል። ትልቁ ቡድን እንደ እህል ወቃው። በቴሌቪዥኑ የሚያወሩት ሰዎች፣ «አያችሁ፣ መምጣት አልነበረባቸውም» ይላሉ። እኔ ተናድጄ ላጠፋው ተነሳሁ።

«ተወው» አለኝ።

«ምኑን ልተወው? ውርደት እኮ ነው፣ ዌንደል።»

የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫው ገለል አደረገ። «ኤመት፣ እነዚህ ልጆች ተጠርተው ነው የተሸነፉት። ነገ ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው፣ ገጠምናቸው፣ በለጡን ይላሉ። መልሱን አግኝተዋል። የኛ ልጆች ግን ሽንፈቱን እንኳ ተነፈጉ።» ከዚያ ዓይኑን ሳይነቅል እስከ መጨረሻው አየው። የተሸነፉት ልጆች ከሜዳ ሲወጡ አጨበጨበላቸው፤ እዚያው አልጋው ላይ ሆኖ።

ወገኖቼ፣ ብንጠራ ኖሮ እናሸንፍ ነበር? አላውቅም። ኮልቢ አያውቅም። ዌንደልም ሳያውቀው አረፈ። ሰው ያጣውን ይናፍቃል ይባላል። እኛ የምንናፍቀው ያልሆነውን ነው። የት ሄደን እንፈልገው? የጠፋ ነገር ይገኝ ይሆናል። ያልተሰጠ ነገር ግን በየትኛው ጥግ ይፈለጋል?

ዌንደል፣ ወንድሜ፣ እንግዲህ ላንተ ልናገር።

ትናንት ከሰዓት በሜዳው በኩል አለፍኩ። የዘንድሮዎቹ ልጆች ይለማመዱ ነበር። አንዱም ፊትህን አያውቀውም። አንዱ ወድቆ ተነሳ፤ ጭቃውን ከዓይኑ ጠርጎ ወደ መስመሩ ተመለሰ። ጠርቼ ሁሉንም ልነግረው አሰብኩ። ቢያሸንፍም ላይጠራ እንደሚችል ልነግረው አሰብኩ። ግን ተውኩት። ይሩጥ፣ አልኩ። አንተም ብትሆን ይሩጥ ነበር የምትለው።

የዚህ ኮረብታ አፈር ይቅለልህ። ለቨርናና ለልጆቹ እኛ አለን።

ደህና ሁን፣ ዌንደል። ልጆቹ አሁንም እየሮጡ ነው። እኛም እስክንጠራ አሁንም እየጠበቅን ነው።